የኡስታዛችን ደብተርና የእኛ ኮምፒውተር፦ መምህራኖቻችንን በቴክኖሎጂ እንዴት እናግዝ?



ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ እዚህ አሜሪካ ተወልጄ ያደግኩ፣ እሁድ እሁድ መድረሳ ስመላለስ የኖርኩ ልጅ ነኝ። አሁን የምሠራው በኮምፒውተር ሙያ ነው። ላለፉት አራት ዓመታት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሚገኘው መድረሳችን የመዝገብ ሥራውን በበጎ ፈቃድ ይዣለሁ። በዚህ ትምህርት ከሠራሁት መልካም ነገር ይልቅ ስህተቴን አብዝቼ እነግራችኋለሁ፤ እናንተ ከእኔ የተሻለ እንድትሠሩ።

ችግሩ ምን ነበር?

ኡስታዛችን አንድ ሰማያዊ ደብተር ነበራቸው። የ16ቱ ልጆች ስም፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን የት ሱራ ላይ ደረሰ፣ ማን ክፍያ አልከፈለም፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቂርአቱ ሁለት ሰዓት ነው። አንድ እሁድ ከኋላ ተቀምጬ ሰዓቱን ያዝኩ። ስም መጥራት፣ እያንዳንዱ ልጅ ባለፈው ሳምንት የት እንዳቆመ መፈለግ፣ ለወላጅ ስልክ መመለስ፣ ይህ ሁሉ 25 ደቂቃ ወሰደ። በዓመት 30 እሁድ ብናስተምር 750 ደቂቃ ማለት ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከስድስት ሙሉ የትምህርት ቀን በላይ በወረቀት ላይ ይጠፋል።

ኡስታዝ ደግሞ በሳምንት ስድስት ቀን ታክሲ ይነዳሉ። በዚያ ዓመት መጨረሻ «እኔ ማስተማር አልደከመኝም፤ የደከመኝ ጸሐፊ መሆን ነው፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉን። እኔን አሊፍ ባ ያስቆጠሩኝ ሰው ናቸው። ያን ቀን ነው «እኔ ልያዘው» ያልኩት።

ቀድሞ ያላስፈለገን ዛሬ ለምን አስፈለገን?

ኡስታዝ የቀሩት ወሎ ነው። በእንጨት ሉህ ላይ፣ ከጥላሸት በተሠራ ቀለም ጽፈው፣ ሲይዙት አጥበው ሌላ ይጽፉ ነበር። ሼሃቸው መዝገብ አልነበራቸውም። ደረሳው ከሼሁ ጋር ስለሚኖርና ጠዋትና ማታ ስለሚቀራ፣ ሼሁ የእያንዳንዱን ልጅ ድክመት በልባቸው ያውቁታል። እኛ ግን በሳምንት የምንገናኘው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። በመካከሉ ስድስት ቀን አለ። ስለዚህ የእኛ መዝገብ ያ አብሮ መኖር ያጎደለውን የሚሞላ መሣሪያ ነው።

መጻፍ ለዲናችን እንግዳ አይደለም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ 282ኛው ሲሆን የሚናገረውም ብድርን በጽሑፍ ስለ መመዝገብ ነው። የገንዘብ ሐቅ ይህን ያህል ጥንቃቄ ከተደረገለት፣ የልጅ የቂርአት ሐቅ ደግሞ ምን ያህል ይገባው ይሆን?

የመጀመሪያው ስህተቴ፦ ትልቁን መረጥኩ

የትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ስፈልግ ብዙ አገኘሁ። ምዝገባ፣ ክፍያ፣ ውጤት፣ የአውቶቡስ ፕሮግራም ሳይቀር ያለው አንዱ ማረከኝና አስገባሁት። ለሦስቱ ኡስታዞችም የይለፍ ቃል ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ሳምንት ማንም አይከፍተውም ነበር። አንድ ልጅ «መጥቷል» ለማለት አምስት ጊዜ መጫን ያስፈልግ ነበር። ኡስታዝ ወደ ሰማያዊ ደብተራቸው ተመለሱ። እኔ ደግሞ ቅር አለኝ፤ ጥፋቱ የእሳቸው መሰለኝ። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ሶፍትዌር ከመምረጤ በፊት አንድ ጥያቄ አልጠየቅኳቸውም፦ «ኡስታዝ፣ ከሥራዎ የቱን ላንሳልዎ?»

ትልልቆቹ ሥርዓቶች መጥፎ አይደሉም። ለምሳሌ ሙድል የሚባለው በአውስትራሊያ በማርቲን ዱጊያማስ የተጀመረና በ2002 የወጣ፣ በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው፤ በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙበታል። ግን ራሳችሁ የምትጭኑት ከሆነ ሰርቨር ይፈልጋል፤ የሚያድሰውና የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ኮሌጅ ሲገባ ወይም ሥራ ሲቀይር መድረሳው ባዶ እጁን ይቀራል። ለእኛ ለ43 ልጆች የሚበቃው ሌላ ነበር።

የሠራልን ቀላል መንገድ

1. ምዝገባ። ወላጆች በስልካቸው የሚሞሉት አጭር የጉግል ፎርምስ ቅጽ አዘጋጀን፤ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። መልሱ በቀጥታ ወደ ጉግል ሺትስ ሰንጠረዥ ይገባል። ስልክ ላይ መሙላት ለሚቸግራቸው አንድ ወጣት በር ላይ ቆሞ ይሞላላቸዋል።

2. መገኘት። ስም የሚጠራው ኡስታዝ መሆኑ ቀረ። በየክፍሉ አንድ የ16 ወይም የ17 ዓመት ወጣት በር ላይ በስልኩ ምልክት ያደርጋል። ልጅ ሁለት እሁድ ተከታትሎ ከቀረ ስሙ ያለበት መስመር ቀለሙ ይቀየራል፤ ያን ቀን ማታ ለቤተሰቡ እንደውላለን። መልእክት አንልክም፤ እንደውላለን።

3. የሒፍዝ መከታተያ። ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት አምድ ብቻ፦ አዲስ ሒፍዝ፣ የቅርብ ሙራጀዓ፣ የሩቅ ሙራጀዓ። የሱራ ስም በእጅ አይጻፍም፤ 114ቱም ከዝርዝር ይመረጣሉ። አለበለዚያ አንዱ «ነበእ»፣ ሌላው «አን-ነባ» ብሎ ይጽፍና መቁጠር አይቻልም።

4. የቤት ሥራ። በ2014 የወጣው ጉግል ክላስሩም ለትልልቆቹ ክፍል ጠቅሞናል። ኡስታዝ የሚቀሩበትን ድምፅ ቀድተው ይሰጣሉ፤ ልጁ ቤቱ ሆኖ ይሰማል፣ የራሱንም ቀድቶ ይልካል። ተጅዊድ ግን በድምፅ ቅጂ ብቻ አይታረምም። የመኽረጅ ስህተት ፊት ለፊት፣ አፍ እያዩ ነው የሚስተካከለው።

እነዚህን አራቱን በአንድ ቀን አልጀመርናቸውም። መጀመሪያ መገኘትን ብቻ፣ ከሁለት ወር በኋላ ሒፍዝን ጨመርን። ኡስታዝ ደብተራቸውን እንዲጥሉም አልጠየቅንም።

እኛን ብቻ የሚገጥሙ ነገሮች

ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት የእኛን ቤተሰብ አስበው አይደለም። ሦስት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ ስም። «ላስት ኔም» በሚለው ቦታ እኛ የምንጽፈው የአባት ስም ነው። ስለዚህ የልጁና የእናቱ ላስት ኔም አይገናኝም። ቤተሰብን በላስት ኔም የሚሰበስብ ሥርዓት እናትን ከልጇ ይለያታል። በዚያ ላይ ሙሐመድ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ አንዱ ልጅ ሁለት ሆኖ ይመዘገባል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ልጅና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር መስጠት ነው።

ሁለተኛ ሰዓት። «ትምህርት በ10:00 ይጀምራል» የሚል መልእክት ላክን። በቅርብ ከአገር ቤት የመጡ አንዲት አያት በሐበሻ አቆጣጠር አስበው የልጅ ልጆቻቸውን ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት ይዘው መጡ፤ በሩ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በአሜሪካ 10:00)» ብለን እንጽፋለን።

ሦስተኛ የዓመቱ ፕሮግራም። የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ቀድሞ ይመጣል። ያለፈውን ዓመት ፕሮግራም ገልብጣችሁ አትለጥፉ።

አማና፦ ከሁሉ የከበደው ስህተቴ

ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ትምህርቱ ያለው እዚህ ነው።

አንድ ቀን ወላጆች ይደሰታሉ ብዬ የሒፍዝ ሰንጠረዡን ሊንክ በቴሌግራም ግሩፓችን ላክሁ። ሁሉም የሁሉንም ልጅ አየ። ከታች በኩል አንድ የ11 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዓመት በላይ ቆይቶ ገና ጥቂት አጫጭር ሱራዎች ላይ ነው። አንድ ሰው ስሙን ጠቅሶ የሚስቅ ምስል ለጠፈ። በሚቀጥለው እሁድ ልጁ አልመጣም። በሚቀጥለውም። የቀለሙ ምልክት በትክክል ሠራ፤ «ሁለት ጊዜ ቀርቷል» አለኝ። ምክንያቱ እኔ መሆኔን ግን አልነገረኝም።

ኡስታዝ አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ የእኔ ደብተር ኪሴ ውስጥ ነበር» ብቻ አሉኝ።

አብረን ቤታቸው ሄድን። አባቱንም ልጁንም አፍው በሉኝ አልኳቸው። ልጁ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ፤ እስካሁን ግን ሰው ፊት መቅራት አይወድም። አንዳንድ ነገር ተመልሶ አይጠገንም።

ከዚያ በኋላ ያወጣነው ደንብ ይህ ነው፦

• ሰንጠረዡን የሚከፍቱት ኡስታዞችና ሁለት ኃላፊዎች ብቻ ናቸው። ወላጅ የራሱን ልጅ ብቻ ለብቻው ይነገረዋል።
• «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያያል» የሚለው ምርጫ ሁልጊዜ ዝግ ነው።
• የማያስፈልገንን አንጠይቅም። የልደት ቀን ሳይሆን ዕድሜ፤ የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይማ ፈጽሞ።
• ልጅ ከመድረሳው ሲወጣ መረጃው ይጠፋል።

ሕጉም ይህን መንፈስ ይደግፋል። በአሜሪካ ኮፓ የሚባለው የ1998 ሕግ ድረ ገጾችና አፖች ከ13 ዓመት በታች ካሉ ልጆች መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት የወላጅ ፈቃድ እንዲያገኙ ያስገድዳል። አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር የሰውን ሃይማኖት የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ጋር እንደሚመድበው እወቁ። የመድረሳ ስም ዝርዝር ደግሞ በራሱ ሃይማኖትን ይገልጻል። ለእኛ ግን ከሕጉ በፊት አማና አለ።

መዝገቡ የሚያሳየውና የማያሳየው

መዝገቡ ጥቅም አልነበረውም አትበሉ። አንዲት ዝምተኛ ልጅ አንድም ቀን አልቀረችም፤ ግን ስድስት ሳምንት አንድ ሱራ ላይ ቆማለች። አታስቸግርም፣ አትጠይቅም፤ ያለ ሰንጠረዡ ማንም አያያትም ነበር። ኮምፒውተሩ «ቆማለች» አለ፤ ለምን እንደቆመች ግን አያውቅም። ኡስታዝ አጠገባቸው አስቀምጠው ሙስሐፉን ሲሰጧት ፊደሉን እንደማታነብ ታወቀ። እስካሁን የያዘችውን ሁሉ በጆሮዋ ሰምታ ነበር የያዘችው። ሱራው ሲረዝም ጆሮ አልበቃም። ወደ ቃዒዳ ተመለሰች፤ ዛሬ አልሐምዱሊላህ ራሷ ታነባለች።

ቴክኖሎጂው የትኛውን ልጅ እንመልከት እንደሆነ ጠቁሞናል፤ የተመለከቷት ግን ኡስታዝ ናቸው። ያተረፍንላቸው 25 ደቂቃ የዋለው ለዚህ ነው። እሳቸውም አልተውንም፤ ሰማያዊውን ደብተር አሁንም ይዘውታል፤ አሁን የሚጽፉበት ግን ለየትኛው ልጅ ምን ሊመክሩ እንዳሰቡ ነው።

በዚህ ሳምንት ምን እናድርግ?

ኮዲንግ ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ወደ ኡስታዛችሁ ሂዱና «ከሥራዎ የቱን ላንሳልዎ?» በሏቸው። መልሱን ጻፉ፤ ከዚያ አንዱን ብቻ ምረጡ። ብቻችሁን አትያዙት፤ ሁለተኛ ሰው አሠልጥኑ። ኒያችሁንም አድሱ፤ ይህ የሚታይ ሥራ አይደለም፣ አላህ ግን ያየዋል።

በክበባችሁ ለመወያየት፦
1. በመድረሳችሁ የኡስታዙን ጊዜ የሚወስደው ሥራ የቱ ነው?
2. የልጆቹን መረጃ አሁን ማን ማየት ይችላል? ማየት የሚገባውስ?
3. ቆሞ የቀረ ልጅ ቢኖር በምን ታውቃላችሁ?

አላህ የመምህራኖቻችንን ድካም ይቀበላቸው፤ ስህተታችንን ይማረን፤ በእጃችን ያለውን አማና የምንጠብቅ ያድርገን። ኣሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።