ጉበትና የምግብ መፈጨት

ምግብ የሚፈጨው በጨጓራና በአንጀት ብቻ ይመስለናል። በቀኝ ጎናችን ከጎድን አጥንት ሥር የሚገኘው ጉበት ግን፥ ምግቡ በውስጡ ሳያልፍ፥ ለመፈጨቱ ከፍ ያለ አገልግሎት ይሰጣል። በአዋቂ ሰው ክብደቱ 1.5 ኪሎ ያህል ነው።

ጉበት በየቀኑ ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር የሚደርስ ሐሞት ያመነጫል። ሐሞቱ በከረጢቱ ተጠራቅሞ ይቆይና ቅባት ያለው ምግብ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ይፈስሳል፤ ሳሙና የድስትን ቅባት እንደሚበትን ቅቤውንና ዘይቱን ይበትነዋል። ከቆሽት የሚመጣው ፈሳሽም ያን ጊዜ በቀላሉ ይፈጨዋል። ከአንጀት የሚመለሰው ደም ደግሞ ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት ያልፋል፤ ጉበትም ትርፉን ስኳር ያከማቻል፥ መርዙን ያከሽፋል። በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን እህል ሳይቀምስ የሚያርስ የይፋት ገበሬ በከፊል ከዚሁ ጎተራ እየተሰፈረለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የደም መንገድ ለቢልሃርዚያም በር ነው። በሸዋ ሮቢት ዙሪያ እንደሚታየው መስኖ ያለ፥ ዝግ ብሎ የሚፈስ የቆላ ውሃ ለቀንድ አውጣ ይመቻል። የትሉ እጭ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃ ውስጥ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ያደጉት ትሎች በአንጀት የደም ሥሮች ይኖራሉ፤ ከእንቁላላቸው ከፊሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፥ ከፊሉም በደም ተገፍቶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀራል። በዓመታት ብዛት ጠባሳ ይሠራል፥ ደሙ መተላለፊያ ያጣል፤ ጣፊያ ያብጣል፥ ሆድ ውሃ ይቋጥራል፥ አንዳንዱም ደም ያስታውካል።

ይበልጥ የሚያሳስበው፥ የጉበቱ ሕዋሳት አብዛኛውን ጊዜ ሐሞት ማመንጨታቸውን ቶሎ አለማቋረጣቸው ነው። ምግቡ ይፈጫል፥ ዓይንም ቢጫ አይሆንም። ስለዚህ «የወፍ በሽታ አልያዘኝም» ብሎ መተማመን አይበቃም። (የወፍ በሽታ የምንለውም የሐሞት ቀለም በደም ሲበዛ የሚታይ ምልክት እንጂ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም።)

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፥ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተዋል። ከዚህ የተነሣ እንዶድን ለመጠጣት የሚያስብ ቢኖር ይጠንቀቅ፤ ቀንድ አውጣውን ይገድላል እንጂ ሕመምተኛውን አይፈውስም፥ ሲጠጣም መርዝ ነው። ለሕሙማን ያለው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ነው፤ አስቀድሞ የተሠራውን ጠባሳ ግን ሁልጊዜ አይመልስም። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ቦይ ውስጥ የሚውሉትን ወጣቶች ሰገራቸውን አስመርምረው እንደሆነ ቢጠይቋቸው መልካም ነው፤ ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡም በመስኖ ውሃ ውስጥ እንደሚሠሩ ይናገሩ።