ውኃው ከየት መጣ? የምድር ቤት እርጥበትና የጥገና ውል

በአዳማና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ፎቅ ቤቶች እየበዙ ሲሄዱ ከመሬት በታች የሚሠራው ምድር ቤትም እየተለመደ መጥቷል። ክረምት ሲገባ ግን ግድግዳው ይረጥባል፤ ልስኑ ይረግፋል። ባለቤቱ ሦስት ሥራ ተቋራጮችን ቢጠራ አንዱ «ቀለም ይበቃል»፣ ሁለተኛው «ወለሉ ይፈርስ»፣ ሦስተኛው «ዙሪያው ይቆፈር» ሊሉት ይችላሉ። የትኛውን ይመን? ለመወሰን አስቀድሞ የውኃውን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መንገዶቹም በዋናነት ሦስት ናቸው።

1. የዝናብ ጎርፍ

አዳማ በኮረብታዎች የተከበበች በመሆኗ የክረምት ጎርፍ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ጣሪያም የራሱ ድርሻ አለው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 3,000 ሊትር ወይም 15 በርሜል ውኃ ይሆናል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በመሠረቱ ጥግ ይሰርጋል። ምልክቱ ከዝናብ በኋላ ፈጥኖ መታየቱና ሲያባራ መቀነሱ ነው። መድኃኒቱም ርካሽ ነው፦ አሸንዳ፣ ማፋሰሻ ቦይና ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘነበለ መሬት።

2. ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት

የኩራዝ ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስብ ሁሉ የብሎኬትና የልስን ቀዳዳዎችም ውኃን ይስባሉ። ቀዳዳው በጠበበ መጠን ውኃው ከፍ ይላል፤ ራዲየሱ 0.01 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ወደ 1.5 ሜትር ገደማ ይወጣል። ውኃው ሲተን የተሸከመውን ጨው በግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት አድርጎ ይተዋል። ቀለም ይህን ይሸፍናል እንጂ አያቆምም።

3. የከርሰ ምድር ውኃ ግፊት

የከርሰ ምድር ውኃ ከወለሉ 2 ሜትር ከፍ ቢል በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል ላይ ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ኃይል ከታች ይገፋል። ከውስጥ የተቀባ ሽፋን ይህን ግፊት ከጀርባው ስለሚቀበል ይላጣል፤ ከውጭ የተደረገው ግን ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። የከርሰ ምድር ውኃ እንደማይለዋወጥ አድርገንም ማሰብ የለብንም። በመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ በ2000ዎቹ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ። ተመራማሪዎች ወደ ሐይቁ የሚገባው የከርሰ ምድር ውኃ መጨመሩን ከዋና ምክንያቶች ይቆጥራሉ፤ የአካባቢው መስኖም ድርሻ እንዳለው ያመለክታሉ።

ቀላል ሙከራ

ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ በደረቅ ወለል ላይ ዘርግተን ዳር ዳሩን በፕላስተር እናሽግ። ከአንድ ቀን በኋላ ከሥሩ ጤዛ ከተገኘ እርጥበቱ ከመሬት የመጣ ነው፤ ጤዛው ከላይ ብቻ ከሆነ ግን ከአየሩ ስለሆነ ችግሩን መስኮት መክፈት ሊያቃልለው ይችላል።

ከመፈረም በፊት

ተቋራጩ የውኃውን ምንጭ፣ የሚሠራውን ሥራና ዋጋውን በጽሑፍ ያስፍር። ከክፍያውም የተወሰነው አንድ ክረምት እስኪያልፍ ድረስ እንዲቆይ መስማማት ብልህነት ነው፤ የጥገናው እውነተኛ ፈተና ዝናቡ ነውና። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭን ለሥራው ደኅንነት 10 ዓመት ዋስ ያደርገዋል፤ በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት እንኳ ተጠያቂ ነው። ስለዚህ «መሬቱ ነው ያበላሸው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አያድነውም። የውኃውን መንገድ የተረዳ ባለቤት ገንዘቡን ለቀለም ከማፍሰሱ በፊት ትክክለኛውን ጥያቄ ይጠይቃል።