የአሠራር ድርሰት፦ ሽታ ያመጣ የጋላቢ ባርኔጣ አጸዳድ

አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ ጽሑፍ የአሠራር ድርሰት ይባላል። የትረካ አንባቢ አንብቦ ይደሰታል ወይም ያዝናል፤ የአሠራር ድርሰት አንባቢ ግን አንድ እጁ በወረቀቱ፣ አንድ እጁ በሥራው ላይ ነው። ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ ሳይጨርስ ዕቃውን ውሃ ውስጥ ይነክራል። ስለዚህ ጸሐፊው ያዛባው ቅደም ተከተል በወረቀት ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ዕቃ ያበላሻል፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው ይጎዳል።

ለምሳሌ የመረጥነው ዕቃ ፈረስ ጋላቢዎች የሚደፉት ጠንካራ ባርኔጣ ነው። የቀድሞ ፈረሰኞቻችን ጎፈር የሚያደርጉት ለግርማና ለማዕረግ ነበር፤ ይህ ባርኔጣ ግን የሚደፋው ራስን ከአደጋ ለመከላከል ነው። በብሪታንያ በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በመንገድ ላይ ሲጋልቡ ይህን የመሰለ መከላከያ እንዲያደርጉ ያዝዛል።

የባርኔጣውን አሠራር ሳያውቁ ስለ አጸዳዱ መጻፍ አይቻልም። ላዩ ጠንካራ ቅርፊት ነው፤ አንዳንዱም በከፋይ ጨርቅ ይለበጣል። ከቅርፊቱ ሥር ፖሊስታይሪን የሚባል ነጭና ቀላል ነገር አለ፤ ራዲዮና ቴሌቪዥን በካርቶን ሲታሸጉ በዙሪያቸው የሚደረገው ዐይነት ነው። አብዛኛው ክፍሉ አየር ነው። ጋላቢው ሲወድቅ ይህ ክፍል ተጨፍልቆ የምቱን ኃይል ይቀበላል፤ አንድ ጊዜ ከተጨፈለቀ በኋላ ግን ወደ ቀድሞው ሁኔታ አይመለስም። ከሁሉ በታች ራስን የሚነካው ለስላሳ ገበር ነው። ሽታው የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ላብ በራሱ ይህን ያህል አይሸትም፤ በገበሩ ውስጥ የሰረጉ ባክቴሪያዎች ላቡንና የራስ ቅባቱን ሲያብላሉት ነው ሽታው የሚፈጠረው። እርጥበትና ሙቀት ደግሞ ያራቧቸዋል።

ቀጥሎ አንድ ተማሪ እንደጻፈው አድርገን ያቀረብነውን አንቀጽ አንብቡ።

«የጋላቢ ባርኔጣ ሲሸት መታጠብ አለበት። በፈላ ውሃና በሳሙና ይዘፈዘፋል። ከዚያም አጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ሽታው ካልለቀቀ በቤንዚን ይወለወላል፤ ቀጥሎም በወይራ ይታጠናል። ገበሩ የሚነቀል ከሆነ ግን ከመዘፍዘፉ በፊት መነቀል አለበት።»

ፊደሉ አልተሳሳተም፤ ዐረፍተ ነገሮቹም አጫጭርና ግልጽ ናቸው። ነገር ግን ይህን አንቀጽ አምኖ የሠራ ሰው ባርኔጣውን አጥፍቶታል። የፈላ ውሃ ነጩን ክፍል ሊያለሰልስና ቅርጹን ሊያበላሽ፣ ማጣበቂያውንም ሊያስለቅቅ ይችላል። ቤንዚን ፖሊስታይሪንን ያሟሟል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም እንዲሁ። የእርጎ ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያደገ ልጅ ባርኔጣንም ማጠን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ሆኖም ቅል ወይም እንስራ የሚችለውን የፍም ወላፈን ይህ ዕቃ አይችለውም፤ ጢሱም ሽታውን ይሸፍነዋል እንጂ ምንጩን አያጠፋውም። ከሁሉ የሚያሳስበው ጉዳቱ ከውጭ የማይታይ መሆኑ ነው። ባርኔጣው ንጹሕ መስሎ፣ መልካም እየሸተተ፣ ጋላቢው በሚወድቅበት ቀን ላያድነው ይችላል።

የመጨረሻውንም ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ። «ከመዘፍዘፉ በፊት መነቀል አለበት» የሚለው ቃል በይዘቱ ትክክል ነው፤ ቦታው ግን የተሳሳተ ነው። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ባርኔጣው ከነገበሩ ተዘፍዝፏል። በአሠራር ድርሰት ማስጠንቀቂያ ከድርጊቱ ይቀድማል።

አሁን ተስተካክሎ የተጻፈውን አንብቡና ከፊተኛው ጋር አስተያዩ።

«ባርኔጣው ከመጽዳቱ በፊት ይመረመራል። ጋላቢው ከወደቀ በኋላ ራሱ የተመታበት ባርኔጣ ቢሆን፣ ስንጥቅ ባይታይበትም እንኳ በሌላ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። ደኅና ከሆነ ግን አምራቹ የሰጠው መመሪያ ይነበባል። ባርኔጣው በሙሉ ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ከልብስ ማጠቢያ መኪናም አይገባም፤ ኃይለኛ ማጽጃም አይነካውም።

ገበሩ የሚነቀል ከሆነ በጥንቃቄ ተነቅሎ፣ ለብ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታሻል። ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ ይለቀለቃል፤ የቀረ ሳሙና ከላብ ጋር ተደባልቆ የግንባር ቆዳ ይቆጠቁጣልና። ከዚያ ሳይጠመዘዝ በፎጣ መካከል ተጭኖ ውሃው ይመጠጣል፤ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥርም ይሰጣል። የማይነቀል ገበር ሲሆን፣ በሳሙና አረፋ ብቻ የራሰ ጨርቅ በደንብ ተጨምቆ ውስጡ ይታበሳል፤ በንጹሕ ውሃ በራሰ ሌላ ጨርቅም ይደገማል። የአገጭ ማሰሪያው ብዙ ላብ የሚጠጣ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እርሱም በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል። ላዩ ከፋይ ከሆነና ጭቃ ከነካው፣ ጭቃው እስኪደርቅ ይጠበቅና ወደ አንድ አቅጣጫ በብሩሽ ይራገፋል።

ሁሉም ከደረቀ በኋላ ሽታ ከቀረ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በቀጭን ሻሽ ተቋጥሮ በባርኔጣው ውስጥ ያድራል። ሶዳው ሽታውን ይስባል። ገበሩ ሳይደርቅ ወደ ቦታው አይመለስም።»

ሽቶ መርጨትን ያልጠቀስነው ረስተን አይደለም። በላብ ላይ የተረጨ ሽቶ ሦስተኛ ሽታ ከመፍጠር የሚያልፍ ጥቅም የለውም። ሁለትና ሦስት ጊዜ ታጥቦ የማይለቅ ሽታ ካለ አዲስ ገበር መግዛት ይሻላል፤ ለብዙዎቹ ባርኔጣዎች ለብቻው ይሸጣል። ግልቢያ በሚያስተምሩ ቦታዎች አንዱ ባርኔጣ ከራስ ወደ ራስ ስለሚዘዋወር ጽዳቱ ከሽታም በላይ ነው፤ ቅማልና ጭርት በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ።

ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽና ባለቤቱ

በአሠራር ድርሰት ውስጥ ተከታታይ ድርጊቶችን የሚያያይዘው በአብዛኛው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ «ተነቅሎ፣ ታጥቦ፣ ተጨምቆ» እንደሚለው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይዘጋም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። እንዲህ ባለው አጻጻፍ የሁለቱ ባለቤት አንድ መሆን ይገባዋል። ተማሪው «አጥቦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል» ብሏል። ያጠበው ማን ነው? ሰው ነው። የሚደርቀውስ? ባርኔጣው ነው። እንግዲህ አነጋገሩ ባርኔጣው ራሱን አጥቦ ፀሐይ የሚሞቅ ያስመስለዋል። ይህ ስሕተት ሁለት መቃኛ አለው፦

ገበሩ ታጥቦ በጥላ ሥር ይደርቃል። («ታጥቦ» በተደራጊ፤ የሁለቱም ባለቤት ገበሩ)
ገበሩን አጥበህ በጥላ ሥር አድርቀው። (ሁለቱም በአድራጊ፤ ባለቤቱ አንተ)

ከሁለቱ የትኛው ይመረጣል? በትእዛዝ አንቀጽ የተጻፈው ለአንባቢው ይቀርባል፤ ነገር ግን በአማርኛ ትእዛዝ ወንድና ሴትን፣ አንድንና ብዙን ስለሚለይ «አድርቀው፣ አድርቂው፣ አድርቁት» እያሉ መምረጥ ግድ ይሆናል። ተደራጊው ለሁሉም እኩል ስለሚሆን ለመመሪያ ይመቻል። መጥፎው ግን በአንዱ ጀምሮ በሌላው መጨረስ ነው።

«ሳይ» በሚል የሚጀምረውንም አሉታዊ አንቀጽ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። «ሳይደርቅ አይመለስም» ስንል ሁለት አሉታ ተደርበው አንድ ግዴታ ይሰጣሉ፤ ከደረቀ በኋላ ይመለሳል ማለት ነው። አንዱ አሉታ ቢዘለል መመሪያው ተገልብጦ «ሳይደርቅ ይመለሳል» ይሆናል፤ ሽታውም ከነባክቴሪያው ይመለሳል።

መልመጃ

1. ከዚህ በታች ያሉት ዐረፍተ ነገሮች የባለቤት አለመስማማት አለባቸው። እያንዳንዱን በሁለት መንገድ አቃኑ።
ሀ. ማሰሪያውን በብሩሽ አሽቶ ይነጻል።
ለ. ሶዳውን በሻሽ ቋጥሮ በባርኔጣው ውስጥ ያድራል።
ሐ. ጭቃውን አራግፎ ከፋዩ ያምራል።

2. በተስተካከለው ምንባብ ውስጥ ያሉትን ማስጠንቀቂያዎች ለይታችሁ አውጡ። እያንዳንዱ ከየትኛው ድርጊት እንደሚቀድም አመልክቱ።

3. «ይመጠጣል»፣ «ይታበሳል»፣ «ይታሻል»፣ «ይለቀለቃል» የሚሉት ቃላት ሁሉም ለጽዳት ያገለግላሉ። የትርጉም ልዩነታቸውን በየዐረፍተ ነገሩ አሳዩ።

4. በቤታችሁ የሚሠራ፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ የሚያበላሽ ወይም የሚጎዳ አንድ ሥራ መርጣችሁ በ150 ቃላት ያህል የአሠራር ድርሰት ጻፉ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡት። እርሱም ከወረቀቱ ውጭ ምንም ሳይጠይቅ እያነበበ ይሥራ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። እጁ የቆመበትን ወይም የተሳሳተበትን ዐረፍተ ነገር ምልክት አድርጋችሁ እንደገና ጻፉት።