ልጁ ምን አጠፋ?
(ከእንግሊዝኛ ትምህርት ዓምድ)



በማስተማር ልምምድ ላይ ያለ አንድ እጩ መምህር ተማሪውን «ትናንት ለምን ቀረህ?» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጠይቀዋል። የእንጅባራ ብርድ የታወቀ ነውና ልጁ ብድግ ብሎ «ኮልድ ካች ሚ» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። መምህሩም አብሮ ይስቃል። ከዚያን ቀን ወዲያ ያ ልጅ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ እጁን አያወጣም።

ይህን የመሰለ ነገር ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ስለዚህ ዛሬ ከሳቁ በፊት መጠየቅ የነበረበትን ጥያቄ እናንሳ። ስህተቱ ከየት መጣ?

1ኛ/ ያዘኝ ወይስ ያዝኩት?

በአማርኛ ሰውን የሚይዘው ጉንፋኑ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ሲባል ያዡ ሰውዬው፣ የተያዘው ደግሞ ጉንፋኑ ነው። ልጁ ቃላቱን አላጣቸውም፤ ባለቤቱንና ተሳቢውን ነው ያቀያየረው። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ ስንልም እንደዚሁ ነው። «እኔ» የሚለው በተሳቢነት ከግሱ ጫፍ ላይ ይለጠፋል። እንግሊዝኛ ግን «አይ አም ሀንግሪ» ብሎ ባለቤት አድርጎ ከፊት ያስቀምጠዋል።

የሚገርመው ነገር እንግሊዝኛም ድሮ እንደኛው ይል ነበር። ከ1,000 ዓመት በፊት በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ ረሀብና ጥማት ሲነገር «እኔን» የሚለው ቃል ከግሱ ጋር ይሄድ ነበር። የዚያ አነጋገር ቅሪት «ሚቲንክስ» የሚለው ቃል ነው። ሼክስፒር (1564–1616 እ.ኤ.አ.) በድርሰቶቹ ይጠቀምበታል። ብዙ ሰው «አስባለሁ» ማለት ይመስለዋል። በመሠረቱ ግን በጥንት ጊዜ «ማሰብ» እና «መምሰል» ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ ኋላ ድምፃቸው ተቀራርቦ ተቀላቀሉ። «ሚቲንክስ» የመጣው ከሁለተኛው ነው። እንግዲህ ትክክለኛ ፍቺው የኛው «መሰለኝ» ሆነ ማለት ነው!

የልጁ አረፍተ ነገር መታረም አለበት፣ ይህ አያከራክርም። ነገር ግን የሰነፍ ስህተት አይደለም።

2ኛ/ በማሽን የመጣው ተማሪ

ሌላው ተማሪ ደግሞ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ «በማሽን» እንደመጣ ይጽፋል። እርሱም ምክንያት አለው። «ማኪና» ከጣሊያንኛ የወረስነው ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ማሽን» የዚሁ ቃል ዘመድ ቢሆንም የሚጠራው ማናቸውንም ሞተር ወይም መሣሪያ ነው። መኪናማ «ካር» ነው። «ፋብሪካ»ም እንደዚሁ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። በእንግሊዝኛ «ፋብሪክ» ያለ ግን ጨርቅ አለ እንጂ ፋብሪካ አላለም፤ ፋብሪካው «ፋክተሪ» ነው። ሁለቱም ቃላት የወጡት የእጅ ባለሙያ መሥሪያ ቤትን ከሚጠራ የላቲን ቃል ነው፤ አንዱ ሥራው የሚሠራበትን ቦታ፣ ሌላው የተሠራውን ዕቃ ይዞ ቀረ።

የደብተራችን ጓደኞችም ከዚህ አያመልጡም። ጣሊያኖች «ላፒስ» የሚሉት እርሳስን ነው። እኛ ግን «ላጲስ» ብለን ማጥፊያውን ጠራንበት። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያጠፋል! «እርሳስ» ራሱ የብረት ዓይነት ስም ነው፤ እንግሊዞችም የእርሳሱን ውስጥ «ሌድ» ይሉታል፣ ያው የብረቱ ስም። በውስጡ ያለው ግን ከሸክላ አፈር ጋር የተደባለቀ ግራፋይት ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት በሰሜን እንግሊዝ ቦሮውዴል በተባለ ስፍራ ግራፋይት ሲገኝ ሰው የእርሳስ ዓይነት ስለመሰለው ስሙ በዚያው ጸና። ቋንቋ እንዲህ ነው፤ የትናንት ስህተት ዛሬ ትክክለኛ ቃል ሆኖ ይገኛል።

3ኛ/ አዊኛ ተናጋሪው የሚበልጠን ድምፅ

«ሲንገር» (ዘፋኝ) እና «ፊንገር» (ጣት) በፊደላችን ስንጽፋቸው አንድ ዓይነት ናቸው። በእንግሊዝኛ ግን ይለያያሉ። በ«ፊንገር» ውስጥ «ገ» በግልጽ ይሰማል። በ«ሲንገር» ውስጥ አይሰማም፤ ድምፁ በአፍንጫ ብቻ አልፎ ይሄዳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። «ሲንገር» «ሲንግ» ከሚለው ግስ ላይ ቅጥያ ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ ግሱ ለብቻው ሲነገር «ግ» ስለሌለው ቅጥያው ሲጨመርም አይመጣም። «ፊንገር» ግን የማይከፈል አንድ ቃል ነው። ሆኖም «ሎንገር»፣ «ስትሮንገር»፣ «ያንገር» የመሳሰሉት ማወዳደሪያዎች ቅጥያ እያላቸውም «ገ»ን ያሰማሉና ለብቻቸው ይጠኑ።

አማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ ላይ እንቸገራለን፤ «ግ»ን ሳንጨምር ማለፍ ያቅተናል። አዊኛ ግን ይህ የአፍንጫ ድምፅ ራሱን ችሎ የቆመበት ቋንቋ ነው። የቋንቋው ስም ራሱ በባለቤቶቹ አፍ ሲጠራና «አውጚ» ተብሎ ሲጻፍ ድምፁ በውስጡ አለ! እንግዲህ ከአገው ቤት የመጣው ልጅ እኛ ስንታገልበት የምንውለውን ድምፅ ከእናቱ ጉያ ይዞት መጥቷል።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛንም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲወስዱ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ በአዊ የሚመደብ መምህር ሦስት ቋንቋ የሚጋፋበት ክፍል ይጠብቀዋል። «የቤታችሁን ቋንቋ እዚያው ተዉት» የሚል መምህር የልጁን ስንቅ ከበር ላይ ያስቀራል።

እኛ የምንመክረው ይህን ነው። ተማሪ ሲሳሳት አስቀድመን «በቤትህ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» እንበለው። ከዚያ ሁለቱን አረፍተ ነገሮች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፈን ልዩነቱን ራሱ እንዲያገኘው እናድርግ። «ሲንግ»ን ስናስተምር ደግሞ አዊኛ ተናጋሪውን ልጅ ወደ ፊት አውጥተን የቋንቋውን ስም ቀስ ብሎ እንዲጠራ እንጠይቀው። ያን ዕለት ክፍሉን የሚያስተምረው እርሱ ነው።

መልመጃ፦ የልብስ መስቀያ (ሃንገር)፣ ቁጣ (አንገር) እና ረሀብ (ሀንገር)፣ ከእነዚህ ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት «ገ» የማይሰማው በየትኛው ነው? ምክንያቱስ? መልሳችሁን ከዚህ ገጽ ግርጌ ለጥፉልን።