የምንትዋብ ሁለት ቤቶችና ተሽከርካሪ ወንበር

እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ሁለት ቤት ነበራቸው። አንደኛው ከተማው መሃል፣ ፋሲል ግቢ ውስጥ ያለው ግንብ ነው። ሁለተኛው ከከተማው ወደ ሰሜን ምዕራብ ወጣ ብሎ ከፍታው ላይ ያለው ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ማዳረስ አይከብድም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ዘመድ ይዞ ለወጣ ግን አንዱ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ጉዞ ነው።

መጀመሪያ የትኛው?

ፋሲል ግቢ። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው። ከእርሳቸው በኋላ የነገሡት እየጨመሩ የሠሯቸው ግንቦች 900 ሜትር ያህል በሚሆን ቅጥር ውስጥ ተሰባስበው ቆመዋል። የዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት፣ የኢያሱ ግንብ፣ የአንበሶቹ ቤት፣ ሁሉም ከደጅ ይታያሉ። ወደ ሰገነት የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ለወንበር አይሆንም። ይህን ለዘመዳችሁ ቤት ሳላችሁ ንገሯቸው፤ ደረጃው ሥር ደርሶ መተያየት ደስ አይልም። እኔን ከጠየቃችሁ ደግሞ የፋሲል ግንብ የሚያምረው ከሰገነቱ ሳይሆን ከሜዳው ሲያዩት ነው።

ወደ ቁስቋም መውጣት

ዳገቱን ወንበር እየገፉ መውጣት ከንቱ ድካም ነው። ባጃጅ ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከወንበር ወደ መቀመጫው ለመሻገር ከሚኒባስ ይሻላል። ታጣፊውን ወንበር የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን ጠባብ ነው። ሚኒባስ ከሆነ ፖርቶ መጋላው ላይ ይታሰራል። ባለ ባጃጁን ለመመለሻውም ተነጋግራችሁ ያዙት፤ ከዚያ ላይ ሌላ ፈልጎ ማግኘት ሁልጊዜ አይቀናም።

ቁስቋም የግብፁ ተራራ ስም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበት። በዓሉ ኅዳር 6 ቀን፣ የጽጌ ወቅት እንዳበቃ በማግስቱ ይከበራል። ለንግሡ ከሆነ የምትሄዱት ግፊያውን አውቃችሁ ሂዱ። ፍርስራሹን ረጋ ብሎ ማየት ለሚፈልግ ግን ሌላ ቀን ይሻላል፤ ክረምትም አይሆንም፣ ጭቃው ጎማ ይይዛል። ቤተ ክርስቲያኑ እ.ኤ.አ. በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ጠፍቶ ኋላ እንደገና የተሠራ ነው። የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጸውን ጌጥ ቀርባችሁ እዩት። የእቴጌዋ፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አፅም በመስታወት ሣጥን ያረፈውም እዚሁ ነው።

ትንሿ ጎማ

ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። የሚጥለው ግን ከፊት ያለችው ትንሿ ጎማ ናት። ኮብልስቶን ወይም ያረጀ የድንጋይ ንጣፍ ላይ፣ በሁለት ድንጋይ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ስትገባ ወንበሩ ቀጥ ይላል፤ የተቀመጠው ሰው ግን ወደፊት ይሄዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከኋላ የቆመው ሰው መያዣውን ወደ ራሱ ጫን አድርጎ ትንንሾቹን ጎማዎች ከመሬት ያነሳና በትልልቆቹ ብቻ ይገፋል። ይህን ከማድረጉ በፊት «እትዬ፣ ላጋድልዎት ነው» ማለት ግን ግዴታ ነው። ሳይነገረው ወደ ኋላ የተጋደለ ሰው ይደነግጣል፣ እጁንም ያወናጭፋል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ወንበሩን አዙራችሁ እናንተ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አውርዱት። ከመነሳታችሁ በፊት ፍሬኑን ሞክሩ፤ ጎማው ነፋስ ጎድሎት ከሆነም ጎሚስታ ጋ ጎራ በሉ።

ደረጃ ሲያጋጥም

ብዙ ሰው ተረባርቦ መሸከም የአገራችን ደግነት ነው፣ አደጋውም እሱው ነው። አራት ጎረምሳ ደርሶ አንዱ ክንድ ማሳረፊያውን፣ አንዱ እግር ማስቀመጫውን ይይዛል። ሁለቱም በብዙ ወንበር ላይ ተነቃይ ናቸው፤ እጅ ላይ ይቀራሉ። የሚያዘው ዋናው ብረት ነው። ሲወጡ የወንበሩ ጀርባ ወደ ደረጃው ይሆንና ጠንካራው ሰው ከላይ ሆኖ በመያዣው ይስባል፣ ሁለተኛው ከፊት ሆኖ ይደግፋል፤ አንድ ደረጃ ወጥቶ ማረፍ፣ ከዚያ ሌላው። ሲወርዱ ፊት ወደ ታች ሆኖ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ እንደተጋደለ፣ ያው በዝግታ። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቢሆን ይመረጣል፤ አካሉን ከማንም በላይ ያውቀዋል። «አትሸከሙኝ» ካለም ቃሉ ይከበር።

ደጀ ሰላም

በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ከዛፍ ሥር ሆኖ ማስቀደስ የብዙ ምእመን ልማድ ስለሆነ ውጭ መቆየት በራሱ መገለል አይደለም። መገለል የሚሆነው ዘመዳችሁን ማንም ሳይጠይቃቸው «እርስዎ እዚህ ይጠብቁን» ሲባሉ ነው። ወደ ውስጥ መግባት ከፈለጉ በጫማ የማይገባበት ስፍራ ነውና ጎማውን በውኃ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ፣ የደብሩን አስተዳዳሪም ቀድሞ ማነጋገር ነው።

ሕጉና ድንጋዩ

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ምንትዋብን ግን በዚህ አዋጅ መክሰስ አይቻልም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል፤ አንቀጽ 30 ስለ ባህላዊ ቅርሶችና ሐውልቶች ተደራሽነት በስም ያነሳል።

ፋሲል ግቢና ቁስቋም እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበው ቅርስ አካል ስለሆኑ ድንጋያቸውን እንደፈለጉ መስበር አይቻልም። አቴና አክሮፖሊስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 አዲስ አሳንሰር ገብቷል፤ እኛ ከዚያ በጣም ባነሰ ነገር፣ በጣውላ መወጣጫ፣ መጀመር እንችላለን። ስሌቱ ይኸው፦ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። እያንዳንዳቸው 17 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች 51 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ በ12 ሲባዛ 6 ሜትር ከ12። ይህን የሚያህል ተነቃይ የጣውላ መወጣጫ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋዩን ሳይነካ ይዘረጋል፣ ማታ ይነሳል። አናጺ ይሠራዋል። ቤተሰብ ግን ስድስት ሜትር ጣውላ ተሸክሞ ሽርሽር አይወጣምና ጥያቄው ለቅርሱ አስተዳደርና ለደብሩ ጽሕፈት ቤት መቅረብ አለበት፤ ልኬቱን ጽፋችሁ ብትሄዱ ደግሞ ጥሩ ነው።