«ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ለሚሉ ደንበኞች የሚያዝ ደብተር፦ የፒያሳ ሻጭ ራሱን የሚያሳድግባቸው ልማዶች፣ ደረጃ በደረጃ

ፒያሳ ላይ ለረጅም ዘመን ከሻጩ በፊት ቦታው ይሸጥ ነበር። የአራዳ ገበያ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚውልበት ጊዜ የከተማው ሰው ወደዚያው ይወጣ ነበር። ጣሊያኖች ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ለመርካቶ መሠረት ከጣሉ በኋላም ወርቅ ቤቱና ጫማ ቤቱ እዚሁ ቀረ፤ ገዢም እግሩ እንደለመደው መምጣቱን አልተወም። በ2016 ዓ.ም. ግን የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ፈረሰ፣ ብዙ ሱቅ ተዘጋ ወይም ሰፈር ለወጠ። ያኔ ደንበኞቹ ጋ ደውሎ «አሁን እዚህ ነኝ» ማለት የቻለ ሻጭና በር ላይ በሚያልፈው ሰው ብቻ የሚኖር ሻጭ ዕጣቸው ለየቅል ሆነ። ስለዚህ ከጊዮርጊስ እስከ አራት ኪሎ ባሉት ሱቆች ተቀጥራችሁ የምትሸጡ ወጣቶች ቦታው ቢቀየርም አብረዋችሁ የሚሄዱ ልማዶች ያስፈልጓችኋል።

ደረጃ 1፦ ሱቁ ሳይከፈት አንድ ዕቃ ተማሩ

ጠዋት መስታወቱ ሲወለወል አንድ ዕቃ መርጣችሁ ለሌላ ሰው ማስረዳት እስክትችሉ ድረስ እወቁት። ወርቅ ቤት ከሆናችሁ ከካራት ጀምሩ። 24 ካራት ንጹሕ ወርቅ ነው፤ 18 ካራት ማለት ከመቶ 75 እጁ ወርቅ፣ የቀረው ሌላ ብረት ነው። 5 ግራም የሚመዝን የ18 ካራት ቀለበት ውስጥ 3.75 ግራም ንጹሕ ወርቅ አለ፤ በ21 ካራት ቢሠራ ወደ 4.375 ግራም ከፍ ይላል። «ክብደታቸው እኩል ሆኖ ይሄኛው ለምን ተወደደ?» ላለች እናት ይህን ወረቀት ላይ አስልታችሁ ብታሳዩአት ከብዙ ልመና ይበልጣል። የወርቁን ዋጋና የእጅ ዋጋውንም ለይታችሁ ንገሯት።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ የወርቅ ዋጋ በብር ሲሰላ ከዓለም ዋጋውም ከምንዛሪውም ጋር ይንቀሳቀሳል። ደንበኛው በቴሌግራም ያየውን የዕለቱን ዋጋ እናንተ ከእሱ መስማት የለባችሁም። ጫማና ልብስ የምትሸጡም እንዲሁ ቆዳውን፣ ስፌቱንና አስተጣጠቡን እወቁ።

ደረጃ 2፦ ከማሳየታችሁ በፊት ጠይቁ

«ምን ልርዳዎ?» ሲባል ሰው «ዝም ብዬ እያየሁ ነው» ይላል። «ለማን ነው?» እና «ለመቼ ነው?» ግን ወሬ ይከፍታሉ። ለሠርግ የሚመጣ ቤተሰብ ውስጥ ብዙ የሚናገረው ሰው ወሳኙ ላይሆን ይችላል፤ ጥግ ላይ ዝም ብለው የተቀመጡትን እናት «እናቴ፣ እርስዎስ የቱን ወደዱት?» ብሎ መጠየቅ የሚረሳ ሻጭ ብዙ ነው።

ከጠየቃችሁ በኋላ እስኪጨርሱ ዝም በሉ። ይህ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ሳምንት እሱን ብቻ ተለማመዱ። የፊላደልፊያው አሳታሚና ባለሱቅ ቤንጃሚን ፍራንክሊን 13 መልካም ጠባዮችን ዘርዝሮ በየሳምንቱ በአንዱ ላይ ብቻ ያተኩር፣ የሳተበትን ቀን በትንሽ ደብተሩ ላይ በነጥብ ያመለክት ነበር። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ላሻሽል ያለ ሰው አንዱንም ሲያሻሽል አላየሁም።

ደረጃ 3፦ ሳይገዙ የወጡትን መዝግቡ

ከሁሉም ይህን አጥብቄ እመክራለሁ። የተሸጠው በደረሰኝ ይመዘገባል፤ ያልተሸጠው ግን ከደንበኛው ጋር በሩን አልፎ ይሄዳል፣ ትልቁ ትምህርት ያለው ግን እሱ ውስጥ ነው። ኪስ የሚገባ ደብተር ግዙና ደንበኛው በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ አራት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ የጠየቀውን ዕቃ፣ ሲወጣ ያለውን ቃል፣ እናንተ በመጨረሻ የተናገራችሁትን።

ፒያሳ ላይ የመውጫው ቃል አብዛኛውን ጊዜ «ዞር ዞር ብዬ ልምጣ» ነው። ከዚህ ቃል ጀርባ ዋጋው ከብዶት፣ የፈለገውን አጥቶ፣ የሚያማክረው ሰው አብሮት ሳይኖር ቀርቶ ወይም ሻጩ አጣድፎት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ካልገባችሁ በትሕትና ጠይቁ፦ «ይቅርታ እህቴ፣ የፈለግሽው የለም ወይስ ዋጋው ነው? ለራሴ ለመማር ብዬ ነው።» በዚህ መልክ ሲጠየቅ ብዙ ሰው እውነቱን ይናገራል።

ቅዳሜ ማታ ሂሳብ ሲዘጋ የሳምንቱን ገጽ አንብቡ። ሰው የሚወጣው ዋጋ በተናገራችሁ ቅጽበት ከሆነ ዕቃው እጁ ሳይገባ ዋጋ እየጠራችሁ ይሆናል። አንድ ዓይነት ቁጥር ያለው ቀለበት ወይም ጫማ ደጋግሞ ከታጣ ለባለሱቁ ደብተሩን አሳዩት፤ ዕቃ ሲያስመጣ ይጠቅመዋል፣ እናንተንም በሌላ ዓይን ያያችኋል። የሚወጣው ሰው ከአሥር ሰዓት በኋላ ከበዛ ደግሞ ድካማችሁ ፊታችሁ ላይ እየተነበበ ሊሆን ይችላል፤ ምሳ ሳትበሉ አትዋሉ፣ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን ተቀመጡ። «ነገረኛ ናት»፣ «ገንዘብ የለውም» የሚል ግን አትጻፉ። እንዲህ ያለ ፍርድ ነገ ምን ማሻሻል እንዳለባችሁ አይነግራችሁም።

ደረጃ 4፦ የመጨረሻ ዋጋችሁ አንድ ይሁን

«መጨረሻውን ንገረኝ» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከባለሱቁ ጋር ጠዋት ተስማሙበት። ለአንዱ ቀንሶ ለሌላው የሚያከር ሻጭ ሁለቱ ገዢዎች አንድ ማኅበር ላይ ሲገናኙ ሁለቱንም ያጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ዋጋ እንዲለጠፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል፤ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማችም እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። አዋጁን አንድ ጊዜ ራሳችሁ አንብቡት። «ጊዮርጊስን! ምንም አላተረፍኩበትም» ማለትንም ተዉት። ገዢው ትርፍ እንዳለው ያውቃል፤ መሐላው ሌላውን ቃላችሁን ሁሉ ያስጠረጥርባችኋል።

ደረጃ 5፦ ከሽያጭ በኋላ አትጥፉ

አሜሪካዊው የመኪና ሻጭ ጆ ጂራርድ ከ1963 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. 13,001 መኪና ሸጧል፤ ለደንበኞቹ በየወሩ የሰላምታ ካርድ በመላክም ይታወቃል። በየወሩ መላክ ለእኛ አገር ሰው የሚበዛበት ይመስለኛል፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገናና ለፋሲካ ወይም ለዒድ አንድ አጭር መልእክት ይበቃል። ስልኩን አስፈቅዳችሁ ተቀበሉ፣ አጠገቡም የገዛውንና ምክንያቱን ጻፉ። የጋብቻ ቀለበት የወሰደ ሰው ነገ ለልጁ ክርስትና የአንገት መስቀል ይፈልጋል። «አትላኩልኝ» ያለውን ግን ያኔውኑ ሰርዙ።

ደረጃ 6፦ የቀዘቀዘውን ወቅት ለትምህርት አውሉ

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፣ ደግሞም ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ሠርግ ስለሚበዛ ወርቅ ቤት ፋታ የለውም። በየወሩ በ23 ጊዮርጊስን ለመሳለም የሚመጣው ሰው አለ፤ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ጎብኚውም ተጨምሯል። እነዚህን ቀኖች ዓመቱ ሲገባ ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቡ፤ በእነሱ ሰሞን ፈቃድ አትጠይቁ።

የጾሙ 55 ቀን ግን የመማሪያችሁ ነው። ለጎብኚ የሚሆን እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ዕቃን በስልክ አሳምሮ ማንሳት፣ የሂሳብ አያያዝ፤ አንዱን ምረጡ። ክፍያ ካለው ከኮሚሽናችሁ ትንሽ ቆርጣችሁ ዕቁብ ግቡበት። ደንበኛ በሌለበት ከሰዓት ደግሞ ከሥራ ባልደረባችሁ ጋር ደብተራችሁን ግለጡና የተመዘገበውን አንድ ደንበኛ እንደገና አስተናግዱት፦ አንዱ ገዢ ሆኖ ያንኑ ቃል ይበል፣ ሌላው አዲስ መልስ ይሞክር፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ገዢ የሆነው በቀላሉ እሺ አይበል፤ እንደ እውነተኛው ደንበኛ ይከራከር፣ ካላሳመኑትም ይውጣ።