ማስቲሽ ስቦ የወደቀ ልጅ ብናይ ምን እናድርግ?

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዛሬ ስለ ማስቲሽ ትምህርት ይዞላችሁ ቀርቧል።

ማስቲሽ ጫማ ሰሪዎች ሶል የሚያጣብቁበት ሙጫ ነው። ሰበታም ሆነ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ጠርሙሱን እጅጌያቸው ውስጥ ደብቀው የሚስቡ ልጆችን ብዙዎቻችን አይተናል። የሚስቡት ረሃቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳቸው ነው፤ “ዱርዬ” ብለን ብንሰድባቸው ደግሞ ረሃቡ አይጠፋም። ሙጫው ውስጥ ቶሉይን የሚባል ቶሎ የሚተን ኬሚካል አለ። በሳንባ ገብቶ ወዲያው አንጎል ይደርሳል። ሲደጋገም ነርቭንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ትምህርትም አልያዝ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ኬሚካል የልብ ምትን ያዛባል። ልጁ ስቦ እያለ ከደነገጠ ወይም ከሮጠ ልቡ በድንገት ልትቆም ትችላለች፣ ያውም ለመጀመሪያ ጊዜ የሳበ ቢሆንም እንኳ! ስለዚህ አታባርሩት፣ አትጩኹበት። “ፖሊስ መጣ!” ብሎ መቀለድም ይቅር። ቀስ ብላችሁ አናግሩት።

ወድቆ ካገኛችሁት ቶሎ ትልቅ ሰው ጥሩ። ጠርሙሱን ከአፍንጫው አርቁ፣ አየር እንዲያገኝ ከበባውን በትኑ። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፤ ቢያስመልሰው እንዳያንቀው ነው። ሰፈር ውስጥ “ወተት አጠጡት!” የሚል አይጠፋም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ወተትም ውኃም አይሰጥም፣ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ክብሪት ጭሮ ማሽተትማ በጭራሽ! ማስቲሽ በእሳት ቶሎ የሚያያዝ ነገር ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ጠርሙሱን አትጣሉት፣ ሐኪሙ ምን እንደወሰደ እንዲያውቅ አብሮ ይሂድ።

ሱስ የያዘውስ? የማስቲሽም ይሁን የጫት ወይም የመጠጥ ሱስ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። “ተው” ብቻ ስለተባለ የሚተው ጥቂት ነው። ለቤተሰብ ወይም ለምታምኑት መምህር ንገሩ። “ጆሮ ጠቢ” የሚላችሁ ይኖራል፤ ይበላችሁ፣ ጓደኛችሁ ይበልጣል። ከዚያ ትልልቅ ሰዎች በቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይወስዱታል፤ ከአቅም በላይ ከሆነም ሪፈር ይጻፍለታል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣሉ። ለቡራዩ ልጆች ጳውሎስ በአስኮ በኩል ሲኬድ ቅርብ ነው። አንዳንዶቻችን ሰው ለመስደብ “አማኑኤል ግባ” እንላለን። እንዲህ የሚባልበት ቦታ ሆኖበት ሕክምናውን የሚፈራ ስንት ሰው አለ! እዚያ ያሉት ግን እንደማንኛውም ሆስፒታል ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው።

ለማን እንደምትነግሩ ግራ ከገባችሁ በእረፍት ሰዓት የክበባችንን አስተባባሪ መምህር አናግሩ። ስማችሁ በመጽሔቱም ሆነ በማይክ አይነገርም።